በሚዛን ላይ በረዶ ስንት ጊዜ ይጥላል?

በግንቦት ሚዛን ተፈሪ ላይ ከሰዓት በኋላው ሁሉ እርስ በርሱ ይመሳሰላል። ጠዋት ፀሐዩ ደህና ነው። ከምሳ በኋላ ደመናው በደቡብ ምዕራብ በኩል ይከመርና ዘጠኝ ሰዓት ገደማ አንድ ሁለት ከባድ ጠብታ ቆርቆሮውን ጠብ ጠብ ያደርገዋል። ይህን ድምፅ የሰማች የጉልት ነጋዴ ጎደሬዋንና ሙዟን በላስቲክ ትሸፍናለች። ባጃጁ የጎን ሸራውን ያወርዳል። ጃንጥላ ያልያዘው የእንሰት ቅጠል ቀንጥሶ ራሱ ላይ ይደፋል። ከዚያ ዶፉ ይለቀቃል፤ ቆርቆሮ ሥር መደማመጥ ስለማይቻል ወሬም ለጊዜው ይቋረጣል። ቀና ብሎ ሰማዩን የሚያይ የለም። ምን ሊያይ?

በዚህ ሰዓት አንድ እንግዳ ሰው በረንዳ ሥር ቆሞ «እዚህ አገር በረዶ ስንት ጊዜ ይጥላል?» ብሎ ቢጠይቅ ሁለት ዓይነት መልስ ያገኛል። አንዱ «አልፎ አልፎ ይጥላል፣ የቡናውን ቅጠል ይበሳዋል» ይለዋል። ሌላው፣ ምናልባት ተማሪ የሆነው፣ «ኧረ እዚህ በረዶ የለም፣ ይህ እኮ ሞቃት አገር ነው» ይላል። ሁለቱም ልክ ናቸው፤ የመለሱት ግን ለአንድ ጥያቄ አይደለም። አንዱ ጠጠር ሆኖ የሚወርደውን አሰበ፣ ሌላው በፊልም ላይ እንደ ጥጥ ሲበተን የሚታየውን።

አማርኛ ለፈሳሹ ዝናብ ቃል አያጣም። ካፊያ አለ፣ ወጨፎ አለ፣ ዶፍ አለ፣ ቀኑን ሙሉ እኝኝ ብሎ የሚውለውም አለ። ውኃው ሲደድር ግን ንግግሩ ይጠባል፤ ከሰማይ የሚወርደው ጠጠርም፣ በፍሪጅ ውስጥ የሚረጋውም፣ አላስካን የሸፈነውም ያው «በረዶ» ይባላል። ሌሊት መሬት ላይ አድሮ የደጋውን ባቄላና ገብስ የሚያጠቁረው ብቻ «ውርጭ» የሚል የራሱ ስም አለው። ምክንያቱ ግልጽ ነው፦ ውርጭ ያስርባል፣ ስለዚህ ገበሬው በስሙ ያውቀዋል። ግእዝ ከዚህ ይሻል ነበር፤ ውርጩን አስሐትያ፣ ጠጠሩን በረድ፣ ነጩን ብናኝ ሐመዳ ብሎ ይለያል። መጽሐፍ ቅዱስን ወደ አማርኛ የመለሱት ሰዎች ለነጩ ብናኝ አንዳንድ ቦታ «አመዳይ» የሚለውን ቃል መረጡ። ቃሉ በመጽሐፉ ውስጥ ቀረ እንጂ ገበያ አልወጣም። ዛሬ ሚኒያፖሊስ ወይም ቶሮንቶ ያለ ኢትዮጵያዊ እናቱ ጋ ደውሎ «ዛሬ ስኖው ጣለ» ሲል ያንን ባዶ ቦታ በባዕድ ቃል እየሞላ ነው። ማንም አይፈርድበትም። «በረዶ ጣለ» ቢላት «ልጄን ጠጠር መታው» ብላ ልትደነግጥ ትችላለች።

«ስንት ጊዜ?» ብሎ ለመቁጠር እንግዲህ መጀመሪያ ምን እንደሚቆጠር መስማማት ያስፈልጋል። ሁለተኛው ችግር ከዚህ ይከብዳል፤ ቆጣሪው የት ቆሞ ነው የቆጠረው?

ለዚህ የቆየ ምሳሌ አለ። በ6ኛው መቶ ክፍለ ዘመን፣ በዐፄ ካሌብ ዘመን፣ ኮስማስ የተባለ የእስክንድርያ ነጋዴ አዱሊስ ወደብ ላይ በእብነ በረድ ዙፋን የተቀረጸ የግሪክኛ ጽሑፍ ገለበጠ። ዙፋኑ ዛሬ የለም፣ ግልባጩ ተርፏል። የንጉሡ ስም ጠፍቷል፤ የአክሱም ንጉሥ መሆኑና ያዘመተባቸው አገሮች ግን ተዘርዝረዋል። ከእነዚህ አንዱ ስሜን ነው። ንጉሡ ከአንድ ወንዝ ማዶ ስላሉት አስቸጋሪ ተራሮች ሲናገር ብርዱንና ውርጩን ይጠቅሳል፤ ሰው እስከ ጉልበቱ የሚሰጥምበት በረዶ እንዳለም ይገልጻል። የጦር ድል የሚያውጅ ድንጋይ ስለ አየር ጠባይ እንዲህ መናገሩ ያስገርማል። ወታደሮቹ ጉልበታቸው ድረስ የገባውን ነገር ሳይረሱት አልቀሩም።

ከዚያ ከሺህ ዓመት በላይ ቆይቶ፣ በ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን፣ ኢየሱሳዊው ጄሮኒሞ ሎቦ በስሜን በረዶ እንዳለ ጻፈ። በ18ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ መጣና እዚያ በረዶ አላየሁም አለ፤ የኢየሱሳውያኑን ወሬም አጣጣለ። ሄንሪ ሶልት ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1814 ባሳተመው መጽሐፍ በተራሮቹ ላይ በረዶ ማየቱን አስፍሮ ብሩስ ያላየበትን ምክንያት ጨመረ፦ ሰውየው ከተራራው ግርጌ አልፎ አልወጣም። ብሩስ አልዋሸም። ከቆመበት ሆኖ ቆጠረ፣ ዜሮ አገኘ፣ ዜሮውን ጻፈ። ስህተቱ የግርጌውን ዜሮ ለተራራው ጫፍም ማድረጉ ነው።

በዚህ ታሪክ ውስጥ አንድ ምፀት አለ። ይኸው ብሩስ እ.ኤ.አ. በ1773 ወደ አውሮፓ ሲመለስ ሦስት የመጽሐፈ ሄኖክ ቅጂ ይዞ ነበር፤ ሙሉው መጽሐፍ የተረፈው በግእዝ ብቻ ስለሆነ ለአውሮፓ ሊቃውንት ትልቅ ስጦታ ሆነ። ሄኖክ የሰማይን መዛግብት ሲያይ አስሐትያን፣ በረድንና ሐመዳን ለየብቻቸው ያገኛቸዋል፣ የየራሳቸውም መንፈስ አላቸው። በስሜን በረዶ የለም ያለው ሰው በሻንጣው የተሸከመው መጽሐፍ በረዶን በሦስት ስም የሚጠራ ነበር። ይህ ለማላገጥ አይደለም። የተራራው ሰዎች ቃሉን ከየት እንዳገኙት ግን ብሩስ አንድ ጊዜ እንኳ ቢጠይቅ ጥሩ ነበር።

4,500 ሜትር በሚያልፈው የስሜኑ ራስ ዳሸን ጫፍ ላይ በክረምት ሌሊት በረዶ መጣሉ ብርቅ ነገር አይደለም። ብዙውን ጊዜ ግን የቀኑ ሙቀት ያቀልጠዋል፤ ረፋድ ላይ የደረሰ ሰው እርጥብ ድንጋይ ብቻ ያያል። በሌላው የዓለም ጫፍ፣ በደቡብ ዋልታ፣ ነገሩ ተገልብጦ ይገኛል። ዋልታው በረሃ ነው፤ በዓመት የሚጥለው በረዶ ቢቀልጥ ጥቂት ሳንቲ ሜትር ውኃ ቢወጣው ነው። የጣለው ግን አይሄድም። ስለዚህ ዓመቱን ሙሉ ነጭ የሆነው ቦታ በረዶ እምብዛም የማይጥልበት ነው፤ ቶሎ ቶሎ የሚጥልበት ተራራ ደግሞ ቀትር ላይ ጥቁር ሆኖ ይታያል። መጣልና መቆየት የተለያዩ ነገሮች ናቸው፤ ዓይን የሚያየው የቆየውን ነው።

ወደ ሚዛን እንመለስ። እዚህ የሚቆጠረው ዝናብ ነው፤ የሚቆጥረውም ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ የዝናብ መለኪያውን የሚያነብ ሰው። አንድ ሚሊ ሜትር ዝናብ ማለት በአንድ ካሬ ሜትር ላይ የወረደ አንድ ሊትር ውኃ ነው። ከዚያ በታች የሆነ ቀን በብዙ አገር «የዝናብ ቀን» ተብሎ አይቆጠርም፤ ልብስ ያበሰበሰ ካፊያ በቁጥር ዓለም አልነበረም ማለት ነው። በደቡብ ምዕራቡ፣ ከሚዛን እስከ ማሻና ጎሬ ባለው የጫካ አገር፣ በዓመት 2,000 ሚሊ ሜትር ገደማ ወይም ከዚያ በላይ የሚመዘገብባቸው ቦታዎች አሉ። በካሬ ሜትር 2,000 ሊትር ነው፤ ሁለት መቶ ሊትር የሚይዘው በርሜል ቢደረደር አሥር በርሜል ይሆናል። አንድ ሰው ትከሻውን ዘርግቶ የሚቆምበት ቦታ ላይ አሥር በርሜል።

ትኩስ በረዶ ሲጥል እንደ ደንቡ አሥር ሳንቲ ሜትር የሚሆነው ብናኝ ቢቀልጥ አንድ ሳንቲ ሜትር ውኃ ይወጣዋል። የሚኒያፖሊስ ነዋሪ ክረምቱን ሙሉ አካፋ ይዞ የሚጠርገው፣ በአማካይ በዓመት 130 ሳንቲ ሜትር ገደማ፣ ወደ ውኃ ሲመነዘር 13 ሳንቲ ሜትር ቢሆን ነው። ሚዛን ይህን ያህል በክረምት በአንድ ወር ታገኛለች፣ ማንም አካፋ አያነሳም። ሒሳቡን አዙሮ ያ 2,000 ሚሊ ሜትር ሁሉ በረዶ ሆኖ ቢጥል ኖሮ 20 ሜትር ይቆለል ነበር። በበረዶ ብዛት ስሟ የገነነው የጃፓኗ ሱካዩ በዓመት የምታገኘው በአማካይ 17 ሜትር ገደማ ነው። የሚዛን ፎቅ ቤቶች ጣሪያቸው ባልታየ ነበር።

ይህን ሁሉ ውኃ ግን ዜና የሚያደርገው የለም። ጋዜጠኛ «ሚዛን ላይ ዘነበ» ብሎ አይዘግብም፤ ቢዘግብ ይሳቅበታል። የቺሊዋ አሪካ ከ1903 እስከ 1918 እ.ኤ.አ. ከአሥራ አራት ዓመት በላይ አንድ ጠብታ ሳታይ ቆይታ ነበር፤ እዚያ ካፊያ ቢወርድ ሕዝቡ ደጅ ይወጣል። ሰው የሚያስታውሰው ብርቁን ነው፤ የሚኖርበት ግን በዘወትሩ ነው። የአየር ጠባይ ሊቃውንት ይህን የሰው ድክመት ለማረም ሠላሳ ዓመት አንድ ላይ ደምረው አማካዩን «መደበኛ» ይሉታል፤ አሁን የሚሠራበት ከ1991 እስከ 2020 እ.ኤ.አ. ያለው ነው። መደበኛው ጥሩ መሣሪያ ቢሆንም መደበኛ ዓመት ኖሮ ያየ ገበሬ የለም። ገበሬው የሚያውቀው ዝናቡ የዘገየበትን፣ የቸኮለበትን፣ ወይም ቡናው አልጋ ላይ ተሰጥቶ ሳለ ሌሊት የመጣበትን ዓመት ነው።

ከሁሉ የሚያስገርመው ግን ሚዛን ላይ ጨርሶ ያልጣለ ነገር ለሚዛን ያለው ክብደት ነው።

ሐምሌ 10 ቀን 1967 ዓ.ም. የብራዚሏ ኩሪቲባ ከተማ በረዶ ጣለባት። ለከተማይቱ ብርቅ ቀን ነበር፤ ሕዝቡ ወጥቶ ፎቶ ተነሣ፣ ልጆች በረዶውን እየጠቀለሉ ተወራወሩ። ሌሊቱን ቅዝቃዜው ወደ ሰሜን፣ ወደ ፓራና ግዛት የቡና ማሳ ዘለቀ። ፓራና ያኔ የብራዚል ዋና የቡና ምድር ነበረች። ብራዚላውያን «ጥቁር ውርጭ» ይሉታል፤ ነጭ ሽፋን ሳያሳይ የዛፉን ውስጥ ስለሚያቃጥል። ሲነጋ በመቶ ሚሊዮኖች የሚቆጠር የቡና ዛፍ ጠቁሮ ተገኘ። የግዛቲቱ ቡና ከዚያ በኋላ ወደ ቀድሞ ቦታው አልተመለሰም፤ ብዙ ገበሬ ዛፉን ነቅሎ አኩሪ አተር ዘራ። በዓለም ገበያ አንድ ፓውንድ ቡና ከአንድ ዶላር በታች ነበር፤ በ1977 እ.ኤ.አ. ሦስት ዶላርን አለፈ።

በዚያው ሐምሌ ሚዛን ላይ እንደ ወትሮው ይዘንብ ነበር። የገጠር መሬትን የሕዝብ ሀብት ያደረገው አዋጅ የካቲት 25 ቀን ከወጣ አምስት ወር አልሞላውም፤ ባላባቱ ሄዷል፣ የገበሬ ማኅበር እየተቋቋመ ነው። ቡናውን የሚለቅመው ሰው ኩሪቲባን አያውቃትም፤ ቡናው ግን ተወዷል። ዋጋው የወጣውን ያህል ከለቃሚው ኪስ አልደረሰም፤ ያ የሌላ ሐተታ ጉዳይ ነው። ይህን ሐተታ የሚመለከተው፣ ለኩሪቲባ በብዙ ዓመት አንዴ የሚጥል ለሚዛን ደግሞ ጨርሶ የማይጥል በረዶ በሚዛን ቡና ሚዛን ላይ መውጣቱ ነው። እ.ኤ.አ. በ1994 በሰኔና በሐምሌ ውርጩ ሁለት ጊዜ ተደገመ። ሐምሌ 13 ቀን 2013 ዓ.ም. ደግሞ በብራዚሏ ሚናስ ዤራይስ ግዛት ላይ ወረደ፤ ዋጋው ለዓመታት ያልደረሰበትን ሁለት ዶላር ተሻገረ። አሁን ጊዜው የስልክ ስለሆነ በዚሁ በደቡብ ምዕራቡ፣ ቴፒ ያለ ቡና አቅራቢ የብራዚልን ውርጭ በማግስቱ ይሰማል። ስለ ስሜን በረዶ ሰምቶ የማያውቅ ሰው ስለ ሚናስ ዤራይስ ውርጭ ያወራል።

እንግዲህ ያ ተማሪ በረንዳው ሥር የመለሰው «የለም» ምን ያህል ያዋጣል? በመለኪያው መዝገብ ላይ ያዋጣል። ከመዝገቡ በላይ ግን ሌላ ነገር አለ።

ሚዛን ከባሕር ወለል በላይ 1,450 ሜትር ገደማ ላይ ናት። አየር ወደ ላይ ሲወጣ በየሺህ ሜትሩ በአማካይ ስድስት ዲግሪ ተኩል ይቀዘቅዛል። ከተማው ላይ ሃያ አንድ ዲግሪ ከሆነ ከሦስት ሺህ ሜትር ትንሽ አለፍ ብሎ፣ ማለትም ከባሕር ወለል አምስት ሺህ ሜትር ሳይሞላ፣ ውኃ የሚረጋበት ወለል ይገኛል። የግንቦቱ ነጎድጓዳም ደመና ከዚህ ወለል እጅግ አልፎ ይወጣል፤ ጫፉ ከአሥር ሺህ ሜትር በላይ ነው። እዚያ ላይ ያለው ቅዝቃዜ ከዋልታ ብርድ ይወዳደራል። ጠብታው የበረዶ ፍሬ ሆኖ ይጀምራል፣ ከሌላው ጋር ይያያዛል፣ ይከብዳል፣ ይወርዳል። ያንን ወለል ሲሻገር ይቀልጣል። ከምድር ዙሪያ ሆነው ዝናብን በራዳር የሚያዩ ሳተላይቶች ይህን መቅለጫ ደምቆ እንደሚታይ ቀበቶ ይመዘግቡታል፤ በረዶው ላዩ ውኃ ሲለብስ የራዳሩን ሞገድ አጥብቆ ስለሚመልስ ነው። ዝቅ ካለ ደመና የሚወርደው ካፊያ እንዲህ አይደለም፤ ከመጀመሪያውም ውኃ ነው። ያ ቆርቆሮውን የሚደበድበው፣ ወሬ የሚያቋርጠው ዶፍ ግን በአብዛኛው ከአሥር ደቂቃ በፊት በረዶ ነበር።

ስለዚህ በሚዛን ሰማይ ላይ በረዶ ይጥላል። ከራስ ዳሸንም ይበልጥ ሊጥል ይችላል፣ በዓመት ከመቶ ቀን በላይ ቢሆን አያስደንቅም። የሚደርስበት መሬት ብቻ የለም። ከተማዋ ለዚያ ሰማይ እንደ ብሩስ ግርጌ ላይ ናት፤ ከግርጌ የሚታየው የቀለጠው ነው። የእንሰት ቅጠል ራሱ ላይ ደፍቶ የሚሮጠው ሰው በረዶን በውኃነቱ ይዞት ቤቱ ይገባል፤ እሳት ዳር ተቀምጦ ከቡና ቅጠል የተፈላውን፣ ዝንጅብልና ሚጥሚጣ ያለበትን ጨሞ ሲጠጣ የሚጠጣውም ያንኑ ነው።

የሚዛን ሰው ከዚህ ሁሉ ቀን የሚቆጥረው ግን ሌላ ነው። በጥርና በየካቲት ዝናቡ ጋብ ይላል፣ የቡናው እንቡጥ ቅርንጫፉ ላይ ደርቆ ይጠብቃል። ገበሬው በዚህ ጊዜ ሰማይ ያያል፤ በዓመት ውስጥ ቀና የሚልበት ወቅት ይህ ነው። በየካቲት መጨረሻ ወይም በመጋቢት መሬት የሚያርስ አንድ ደህና ዝናብ ያስፈልገዋል። ካፊያ ከሆነ እንቡጡን አታልሎ ይተወዋል። ተቆራርጦ ከመጣ አበባው በሁለት በሦስት ዙር ይወጣል፤ ያ ማለት መኸር ሲደርስ እሸቱ እኩል አይቀላም፣ ለቃሚ ሦስት አራት ጊዜ ወደ አንድ ዛፍ ይመለሳል፣ ለእያንዳንዱም ይከፈላል። ከቤበቃ እስከ ቴፒ ባሉት የቡና እርሻዎች የዓመቱ ሒሳብ የሚከፈተው በዚያች አንድ ዝናብ ነው።

ከዚያ በኋላ ቀን መቁጠር ነው። ከሌላ አገር የመጣ ሰው ጫካው ውስጥ ገብቶ አበባውን ሲያይ ሁልጊዜ «በረዶ የጣለ ይመስላል» ይላል። በረዶ አይቶ የማያውቅ የአገሬው ሰው ምሳሌውን አይፈልገውም፤ እሱ የሚያዳምጠው የንቡን ድምፅ ነው፣ ቀፎውን ዛፍ ላይ የሰቀለውም ለዚህ ወቅት ነው። ዝናቡ በጣለ በስምንተኛው ወይም በአሥረኛው ቀን ቡናው በአንድ ጠዋት ይፈነዳል፤ በሦስተኛው ቀን አበባው ጠውልጎ ይረግፋል።